ስለ ተረት አራዊትና ስለ አንድ የተሰረዘ ስም

ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፣ ወጣትነቱንም በቅኔ ቤት የፈጸመ ሰው ስለ ልጆች ጨዋታ ለመጻፍ ብዕር ማንሣቱ ያስገርማችሁ ይሆናል። እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በቤቴ የሆነው ነገር በጨዋታ ቢጀመርም በጨዋታ ያበቃ አይደለምና፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ዕዳ ሆኖ የሚቀርብኝ መሰለኝ።

የምኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ቤቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወደ አቃቂ ወንዝ በሚወርደው ቍልቍለት ላይ ይገኛል። ቀን ቀን የከባድ መኪናና የፋብሪካ ድምፅ አይለየንም፤ ሌሊት መኪናው ሲቀንስ ደግሞ ከወንዙ ሸለቆ ጅብ ይጮኻል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ በደቡብ በኩል የዝቋላ ተራራ ብቻውን ተነሥቶ ይታያል። እኅቴ ልጇን ለትምህርት ወደ እኔ ልካው ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አራት ጓደኞቹ እየመጡ ከጠረጴዛዬ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ ቁማር መስሎኝ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ሲንከባለል አይቼ ተቈጣሁ። ልጁ ግን ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ገንዘብ የለበትም፤ ጥቂት ተቀምጠው ይስሙንና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ» አለኝ። ነገሩ ትክክል ነበርና ተቀመጥሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተራኪ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መነኵሴ፣ ተራኪው በቃሉ በሠራው አገር ውስጥ አብረው ይጓዛሉ። ተራኪው «ከዋሻው በር ደረሳችሁ፤ ከውስጥ ትንፋሽ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነርሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካላቸው እንደ ሆነ የሚታወቀው ዳይሱ ሲጣል ነው፤ ቍጥሩ ከበዛ ተሳካ፣ ካነሰ ከሸፈ። የዚህ ዐይነት ጨዋታ ሁሉ አባት የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተሙት። ከዚህ በታች የምጠቅሰው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው።

በዚያው በአሜሪካ በ1980ዎቹ ብዙ ክርስቲያኖች «ይህ ጨዋታ ወጣቱን ወደ አጋንንት ይስባል» ብለው ተነሥተውበት ነበር። እኔም ለጥቂት ቀን ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። ኋላ ግን አያቴን አሰብሁ። አያቴ በምድጃው ዳር ስለ ጭራቅ ስትነግረኝ ከጨለማ ጋር እንዴት እንደሚኖር አስተማረችኝ እንጂ ወደ ጭራቅ አልሳበችኝም። ደግሞም ከቃል ብቻ ቤት ሠርቶ ሰውን በውስጡ ማስገባት ለቅኔ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ፣ «ጋሼ፣ የምንዋጋው ሁሉ የፈረንጅ አውሬ ነው። ከእኛ አገር መጻሕፍትና ተረት ለጨዋታ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው? የሚወዱትን ይንገሩን» አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚህ ዘመን ከወጣት እንዲህ ያለ ጥያቄ እምብዛም አይመጣልኝምና ደስ አለኝ። በሚከተለው ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ተቀመጥሁና ነገሬን በአንድ ምክር ጀመርሁ። «አውሬ ስታስገቡ ጥርሱን አትቍጠሩ፤ መጀመሪያ ምን ይበላል? ብላችሁ ጠይቁ። ጥርሱና ጥፍሩ ለአንድ ውጊያ ይበቃል፤ የሚበላው ነገር ግን ታሪክ ይወጣዋል» አልኋቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምወደው አርዌን ነው። በአክሱም እንደሚነገረው ይህ ዘንዶ 400 ዓመት በኢትዮጵያ ላይ ነገሠ፤ ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን ግብር አድርጎ ይሰጠው ነበር። በኋላም አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ ያለባትን ፍየል አብልቶ ገደለውና በምትኩ ነገሠ፤ ንግሥት ማክዳም የእርሱ ልጅ ናት ይባላል። እንግዲህ አርዌ የሚበላው ግብር ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹን በቀጥታ ወደ ዘንዶው አትውሰዷቸው። አስቀድመው ወደ አንዲት ከተማ ይግቡ፤ ገበያው ደርቶ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ሲሠራ ይዩ፤ የአንዲት ቤት ሰዎች ብቻ ልጃቸውን አጥበው ነጭ ሲያለብሷት ያግኙ። ከዘንዶው ይልቅ የሚያስፈራው ከተማው መልመዱ ነውና። ደግሞ አንጋቦ ያሸነፈው በሰይፍ ሳይሆን በፍየል ነው፤ ብልሃት ላመጣ ተጫዋች ከጉልበተኛው ይልቅ ፍረዱለት። ዘንዶውም ከሞተ በኋላ ጨዋታውን አትዝጉ። «ግብሩን የለመደው እጅ ከነገ ጀምሮ ለማን ይዘረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነገር ግን ዘንዶ ሁሉ ክፉ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው ዘንዶ እንደ ሆነ ገድላቸው ይናገራል፤ ዛሬም ወደዚያ ደብር የሚወጣው ሰው በገመድ እየተሳበ ነው። እነሆ ከደጄ በሚታየው በዝቋላም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ይኖሩ እንደ ነበር ይነገራል፤ ሥዕላቸውም ሁልጊዜ ከአራዊቱ ጋር ነው። ይህን ስነግራቸው ከልጆቹ አንዱ፣ «እንግዲያው ያየውን እባብ ሁሉ የሚመታ ተጫዋች መውጫ ገመዱን ይቈርጣል ማለት ነው» አለ። ነገሩን እንዲህ ፈጥኖ መያዙ አስደሰተኝ።

ሁለተኛ የምወደው ገጸ ከልብ ነው፤ ፊቱ የውሻ፣ አካሉ የሰው፣ ምግቡም ሰው። በስንክሳር በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ እንደምናነበው፣ ሁለት ገጸ ከልቦች የቅዱሱን አያት በዱር በሉት፤ አባቱንም ሊበሉ ሲሉ መልአክ ከለከላቸው፤ ጠባያቸውም ተለውጦ እንደ በግ ገራም ሆኑና አባቱን ተከትለው ወደ ከተማ ገቡ። አስቡት፤ አባቱን የበላውን አውሬ ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባ ሰው በዚያች ሌሊት እንዴት ይተኛል? አውሬውስ የሰው እንጀራ ሲቀርብለት ምን ያስባል? ብዙ ተጫዋች አውሬን መግደል ያውቃል፤ የተለወጠን አውሬ በጎረቤትነት መቀበል ግን አልተለማመደም። ለዚህ ገጸ ከልብን የሚተካ የለም።

ሦስተኛዎቹ በመጽሐፈ ሄኖክ ያሉት ረዐይት ናቸው። ይህ መጽሐፍ በሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂውን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ቍራጩን እንጂ ሙሉውን አላዩትም ነበር። የረዐይት ቁመታቸው 3000 ክንድ ነው ይላል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ቁመታቸው አይደለም፤ የሚበሉበት ተራ ነው። አስቀድመው የሰውን የድካሙን ፍሬ ሁሉ በሉ፤ ድካሙ ሲያልቅ ሰውየውን ራሱን በሉት። ስለዚህ ረዐይትን ስታስገቡ እግራቸውን አታሳዩ። ባዶ ጎተራ አሳዩ፤ የታረሰ፣ ግን ያልታጨደ ማሳ አሳዩ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቀና ብለው ይዩ።

አራተኛይቱ ወርዝልያ ናት፤ ሕፃናትን የምትገድል፣ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር የወጋት። የእርሱ ጸሎት በብራና ክታብ እየተጻፈ ለእናቶች ሲሰጥ የኖረው ስለዚህ ነው። እርሷን በፍርሃት ነው የጠቀስኋት። በየክታቡ ላይ የወለደችው ሁሉ የሚሞትባት የአንዲት እናት ስም ተጽፎ ነበርና፣ ከአውሬይቱ በስተኋላ ያለው ኀዘን ተረት አይደለም። «ከጠረጴዛችሁ ዙሪያ ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም የተቀበረበት ሰው ካለ አታንሧት፤ ጨዋታ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ቍስሉን ሊነኩበት አይገባም» አልኋቸው።

በመጨረሻም ሌዋታንንና ብሔሞትን ጠቀስሁላቸው። በዚያው በሄኖክ መጽሐፍ አንስቲቱ በባሕር ጥልቅ፣ ወንዱም ዴንዳይን በሚባል ምድረ በዳ ተለያይተው ይኖራሉ። እነርሱ እንዲዋጓቸው የሚቀርቡ አይደሉም። ተራኪው ከሩቅ ጀርባቸውን ብቻ አሳይቶ ሊያሳልፋቸው ይገባል፤ ሰው በዓለም ላይ ከእርሱ አቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳለ ማወቁ ለጨዋታም ይጠቅማልና።

«ጅብስ?» አለችኝ ከእነርሱ ጋር የምትጫወተው ልጅ። «እርሱን እንኳ በየሌሊቱ እንሰማዋለን።» ሳቅን። ጅብ በእኛ ተረት አያ ጅቦ እየተባለ የሚሞኝ ሆዳም ነው። አያቴ ግን ሌላም ነገር ትነግረኝ ነበር፤ በሌሊት ከደጅ ስምህ ቢጠራ አንድ ጊዜ ሰምተህ አትመልስ፣ የሚጠራህ ጅብ ይሆናል ትለኝ ነበር። ይህን ስናገር የእኅቴ ልጅ ዘሎ ተነሣና የፈረንጆቹን የአራዊት መጽሐፍ አመጣ። ጋይጋክስ በ1977 ያሳተመው ሞንስተር ማንዋል የሚባለው ነው። ገልጦም ሊዩክሮታ የሚባል አውሬ አሳየኝ፤ በሰው ድምፅ እየጠራ ሰውን ከመንገዱ አስወጥቶ የሚበላ ነው። «ይህማ የአያቴ ጅብ ነው!» አልሁ።

እንደ ተባለውም ሆኖ ተገኘ። ይህ አውሬ ጋይጋክስ የፈጠረው አይደለም። የሮም ሊቅ ፕሊንዮስ በ77 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ አገሩም ኢትዮጵያ ነው ይላል። ጅብም የእረኛን ስም ተምሮ፣ በስሙ ጠርቶ ከደጅ እንደሚያወጣው በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የጥቍር ሕዝብ አገር ሁሉ ነው። ክንፍ ያለውን ፈረስ ፔጋሶስንም ከዚያ ያስገኘዋል። ካቶብሌፓስ የሚባለውንም፣ ራሱ ከመክበዱ የተነሣ ሁልጊዜ ወደ ምድር የሚያቀረቅረውን፣ ቀና ብሎ ዐይኑ ያገኘውን ሰው ሁሉ የሚገድለውን፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ያኖረዋል። ይህም በ1977ቱ መጽሐፍ ውስጥ ተሥሎ አለ። ከዚህም አልፎ ፕሊንዮስ ብሌሚያ የሚባሉ ሕዝቦች ራስ የላቸውም፣ ዐይናቸውና አፋቸው በደረታቸው ላይ ነው ይላል። ብሌሚያ ግን በግብጽና በኑብያ መካከል የኖሩ እውነተኛ ሕዝብ ናቸው፤ ብዙ ሊቃውንትም ከቤጃ ሕዝብ ጋር ያገናኟቸዋል። እንደ እኔና እንደ አንተ ራስ ነበራቸው።

ልጆቹ በዚህ እጅግ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «ለካስ እኛ ራሳችን በሰው አገር የአራዊት መጽሐፍ ውስጥ ኖረናል!» አለ አንዱ። ሩቅ የተቀመጠ ሰው ያላየውን ሕዝብ ራስ ቈርጦ አውሬ ማድረጉን እየተረጐምሁ፣ የሊቅነት ኵራት እየተሰማኝ ሳለሁ፣ የእኅቴ ልጅ ያዘጋጀውን ወረቀት አምጥቶ ከፊቴ አኖረው። ከነገርኋቸው በፊት የራሱን የአገር አውሬዎች ዝርዝር ጽፎ ነበር። ጭራቅ ነበረበት፤ ዘንዶ ነበረበት። በራሱ በዝርዝሩ ላይ ግን እንዲህ የሚል አነበብሁ፦ «ቡዳ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በዐይኑ ይበላል። ሥራው ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ።» ከጐኑም የጉልበቱ ቍጥር ተጽፎ ነበር።

ሳቄ በአፌ ደረቀ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ለሠላሳ አምስት ዓመት ለማንም አልተናገርሁትም። ጎጃም ውስጥ ቅኔ በምማርበት ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የቦታውንና የጉባኤውን ስም ልተወው። ከወንዙ ዳር፣ ከመንደሩ ፈቀቅ ብላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። የጎጇችን ውኃ መቅጃ በተሰበረ ጊዜ ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቤ ከደጇ ቆምሁ። አዲስ ገንቦ ሰጠችኝ። ገንዘብ የለኝም ብላት፣ «ተማሪ አይደለህ? ስትማር ትከፍለኛለህ» አለችኝ። ያን ዓመት ሁሉ የጠጣነው ከእርሷ ገንቦ ነው።

በዚያው ዓመት በመንደሩ የአንድ የተከበረ ሰው ልጅ ታሞ ሞተ። «በላችው» ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም አለ። እኔም በዚያ ሰሞን ጉባኤ ቃና እየተቀኘሁ ምስጋና የሚያሰክረኝ ጊዜ ነበርና፣ በበዓል ቀን ጅብንና ገንቦን ሰም አድርጌ፣ ሴትዮዋን ወርቅ አድርጌ ተቀኘሁ። ጓደኞቼ «ይበል! ይበል!» አሉ። ግዕዝ ለማያውቀው ሕዝብ ወርቁን የሚፈታለት አልጠፋም። በሚቀጥለው ገበያ ሸክላዋን የሚገዛ አልተገኘም፤ በሚቀጥለውም አልተገኘም። ክረምቱ ሳይገባ ቤቷ ባዶ ሆነ፤ ሸክላ ትተኵስበት የነበረው አመድ ብቻ ቀረ።

የኔታ ወደ ጎጇቸው ጠሩኝ። ማመስገናቸው መስሎኝ ገባሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፣ «ቅኔህ ቤት መትቷል፤ የመታው ግን የሴትዮዋን ቤት ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቀኝቻለሁ፤ ያንን ግን ደግሜ ከአፌ አላወጣሁትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ይህን ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ ለልጆቹ ነገርኋቸው። ማንም አልተነፈሰም። ከዚያም የእኅቴ ልጅ በትሕትና ተከራከረኝ፤ መከራከሩንም አልጠላሁበትም። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹም ሌሊት ተኵላ የሚሆን ሰው አላቸው፤ ማንም በዚያ አይጐዳም። ይህም ጨዋታ ነው» አለኝ። እኔም፣ «ዛሬ አይጐዳም፤ ድሮ ግን በ1589 በጀርመን አገር ጴጥሮስ ስቱምፕ የሚባለውን ሰው ተኵላ ትሆናለህ ብለው በጭካኔ ገድለውታል። ዛሬ ግን በአውሮፓ ተኵላ ነህ ተብሎ ልጁን የሚድርለት ያጣ፣ ከጎረቤት ማዕድ የተገፋ ሰው የለም። ስለዚህ ያ ስም በእውነት ተረት ሆኗል። የእኛ ቃል ግን ገና ጥርስ አለው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው እየጠራ የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ አንተ በወረቀትህ ላይ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ብለህ ጻፍህ። ምን ይበላል? ብላችሁ ጠይቁ ብያችሁ አልነበረም? እስቲ ጠይቁ። ቡዳ በዐይኑ የበላው ሰው አላየሁም። ቡዳ የሚለው ቃል የበላትን ሴት ግን አይቻለሁ፤ ያጎረስሁትም እኔ ነኝ» አልሁት።

ፕሊንዮስ ዐይኑ የሚገድለውን አውሬ በእኛ ምድር አኖረ፤ እኛም ዐይኑ የሚገድለውን ሰው በወንዙ ዳር አኖርን። ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ከባሕር ማዶ ሆኖ፣ እኔ ግን ከገንቦዋ እየጠጣሁ ማድረጌ ነው።

ልጁ ብዕሩን አንሥቶ ያንን መስመር ሰረዘው። እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚከተለው ቅዳሜ ግን «ጋሼ፣ ዛሬ አብረውን ይጫወቱ» አለኝ። አዲስ ታሪክ አዘጋጅቶ ነበር። በወንዝ ዳር ባለች መንደር ሕፃናት ይታመማሉ፤ ሕዝቡም ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጣቱን ይቀስራል። ችቦ የያዙ ሰዎች ወደ ቤቷ ሳይደርሱ ተጫዋቾቹ የበሽታውን ምክንያት ማግኘት አለባቸው። ምክንያቱ ከላይ የተበከለው የወንዙ ውኃ ነው። እኛ አቃቂ የምንኖር ሰዎች ወንዝ ሰውን እንደሚያሳምም ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም።

«ታዲያ አውሬው ማን ነው?» ብላ ያቺ ልጅ ጠየቀች። የእኅቴ ልጅም፣ «ወሬው ነው» አላት። ጉልበት የሚጨምረውም በተናገሩት ቍጥር ነው፤ ጦር አይወጋውም፤ የሚደክመው አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «አላየሁም» ሲል ብቻ ነው። እኔ ስንት ዘመን ቃል እየመረመርሁ ወሬና አውሬ በድምፅ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ልብ ያላልሁ፣ ቅኔ ቤት ደጅ ካልረገጠ ልጅ ተማርሁ።

ማን መሆን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። የቅኔ ተማሪ እሆናለሁ አልሁ። ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ተራዬ ደረሰ፤ «ተማሪው ይነሣና ሴትዮዋን አላየኋትም፣ ልጅ ስትበላ ያየ ካለ ይምጣ ብሎ ይናገራል» አልሁ። ዳይሱን ጣልሁ። አራት ወጣ። ሕዝቡ አልሰማኝም።

በጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁ አይቶኝ ነው መሰል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞዎት ጋሼ፤ በሚቀጥለው ተራ ደግመው መናገር ይችላሉ» አለኝ። ደግሜ ተናገርሁ፤ ያኔም አልተሳካም። በሦስተኛው ግን አሥራ ሰባት ወጣ፤ ችቦ ከያዙት መካከል አንዱ ችቦውን ወደ ምድር ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ወንዙን ተከትለው ወደ ላይ ወጡና ምክንያቱን አገኙት።

አንባቢ ሆይ፤ ልጆች አውሬ ቢጫወቱ አትቈጣቸው፤ አርዌንና ገጸ ከልብን፣ ረዐይትንም ስጣቸው፤ ከመጻሕፍታችን ወጥተው በጠረጴዛ ዙሪያ ቢኖሩ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ከዝርዝራቸው ውስጥ የጎረቤት ስም ተጽፎ ብታገኝ፣ ከመቈጣትህ በፊት ማን እንዳስተማራቸው ጠይቅ፤ ምናልባት እንደ እኔ ቅኔ ያማረለት ሰው ይሆናልና። የገንቦዋን ዋጋ ስማር እንድከፍላት ተነግሮኝ ነበር። መማሬ እጅግ ዘገየ፤ እርሷንም ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ስለዚህ ዕዳው እንዳለብኝ በአደባባይ ጽፌአለሁ።